የሰንጋ ተራ ቀንድ

ሰንጋ ተራ ላይ ሰንጋ የለም፤
ፎቅ ነው የሚታየው፣ መስታወቱን ታክኮ ደመና ሲያዘግም።
ከባንኮቹ ጀርባ፣ ከዛገው ቆርቆሮ፣
ጋሽ ሽኩር ቀንድ ያወጣል፣ ዓይኑን አጨንቁሮ።

የከብት አይደለም። የአሉሚኒየም ነው።
ጉሮሮው ጠባብ፣ አፉ ዋንጫ፣ ጠጅ ያልቀመሰው፤
ውስጡ ሠላሳ አንድ ቦይ፣ ቀለበት በቀለበት፣
ሁለት ሚሊ የማይሞላ የእያንዳንዱ ጥልቀት።

የመጀመሪያው ቀን፣ ስዕሉን ዘቅዝቆ፣
«የምን ዕቃ ነው?» አለኝ፣ ሳቁን ጢሙ ውስጥ ደብቆ።
«ብርሃን ለመስማት።»
«ብርሃን ይሰማል?»
«ካረጀ ይሰማል። ለዓይን ይደክማል።»

ነገርኩት፦ ፀሐይ ሳትወለድ፣ ኮከብ ሳይኖር ገና፣
ሰማዩ ጉም ነበር፣ የሚነድ ጉም፤ አንድ ቀን ጠራና
ብርሃኑ መንገድ ወጣ። ዛሬም መንገድ ላይ ነው።
በርዶታል። ሦስት ዲግሪ እንኳ አይሞላም፣ ከብርድ ሁሉ መጨረሻ የሚለየው።
እንደ ሰኔ ካፊያ ይወርዳል፣ በባንኩም በቶርኖ ቤቱም ላይ፤
ጃንጥላ የዘረጋለት የለም።

ከተሳካ መቶ ይሆናሉ፣ አልኩት፤ እንደ ማር እንጀራ ተሰካክተው፣
ደመና ከእግር በታች ከሚውልበት አምባ፣ ያን ካፊያ ሊያዳምጡ ነው።

ጋሽ ሽኩር ዝም አለ። እጁን በጨርቅ ጠረገ።
«እና ለዚህ ካፊያ» አለ፣ «ስንት ትከፍላላችሁ?»

የመፈተሻው ክፍል አምስት ኪሎ ነው፤ የድሮ ዕቃ ግምጃ ቤት።
ከተክለሃይማኖት የፍራሽ ስፖንጅ ገዝተን፣
በከሰል ዱቄት ለውሰን፣ ሾጣጣ ሾጣጣ ቆርጠን፣
ግድግዳ ጣሪያውን አለበስነው፣ ሞገድ እንዳያስተጋባ፤
ሦስት ቀን ጥቁር አስነጠሰኝ፣ ትራሴ ድረስ ከሰል ገባ።

ዘርይሁን ከኮምፒዩተሩ፣ እኔ ከማዞሪያው ጋር፤
አንድ ዲግሪ፣ ደግሞ አንድ ዲግሪ፣ ከመሀል እስከ ዳር።
ግራፉ ተራራ ሠራ፣ ግራ ቀኙ የተካከለ፤
ከዚያ፣ በግራ በኩል፣ ሃያ ሦስት ላይ፣ አንድ ጉብታ በቀለ።

ጎን ጆሮ እንለዋለን።
ቀጥ አድርገን ተክለን፣ ሰማይ ስማ ስንለው፣
ወደ ጎን ሰርቆ የሰፈር ወሬ የሚለቅመው።
ምድርማ ሞቃት ናት። አስፋልቱ ይጮኻል፣ አጥሩ ይጮኻል፤
የኔ መዳፍ እንኳ፣ አፉን ብጋርድበት፣
ከዚያ ጥንታዊ ካፊያ መቶ እጥፍ ይጮኻል።

ሦስት ሌሊት ስሌቱን መረመርን። ስሌቱ ንጹሕ ነው።
በአራተኛው መብራት ሄደ። ዘርይሁን በጨለማው
«ምናልባት ዲዛይኑ ይሆናል» አለ።
ዲዛይኑ የኔ ነው። አልመለስኩለትም።

ጠዋት ቀንዱን በሹራቤ ጠቅልዬ ታክሲ ውስጥ ታቀፍኩት።
«ይቺ መለከት ሒሳብ ትከፍላለች?» አለ ወያላው። ከፈልኩለት።

ጋሽ ሽኩር አጉሊ መነጽር አልጠየቀ፤
ጫፏ የጎደለ ሌባ ጣቱን ሰደደ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ፤
እየቆጠረ ገባ። «አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት... ቆይ።
እዚህ ጥርስ አለ። ሌባ ጆሮን ሌባ ጣት ያጣዋል ወይ?»

ሳቅን። ከዚያ እሱ ቀድሞ አቆመ።
«መብራት ነው» አለ። «እየቦረቦርኩ ሳለ ሄደ፤
ስለቱ እንደነከሰ ቆመ። ሲመጣ ቀጠልኩ።
አውቄ ነበር፣ ልጄ። አፍሬ ዝም አልኩሽ።»

ምን እላለሁ? እኔም እኮ ሦስት ሌሊት ሙሉ
ጥፋቱ የሱ እንዲሆን ስጸልይ ነበር፣ በሆዴ።

አዲስ ድፍን ብረት አሰረ። የተበላሸውን ግን አልጣለም፤
ከማሽኑ በላይ መደርደሪያው ላይ አፉን ወደ ጣሪያው አቆመው።
ከጎኑ ያለው ብየዳ ቤት ባለፈው ሳምንት ፈርሷል፤
በኛም በር ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፏል። እስከ ሚያዝያ ነው አሉ።

«ጋሽ ሽኩር፣ እዚያ ሆኖ ምንም አይሰማም» አልኩት፤
«ቆርቆሮው ይጋርደዋል።»

«ቆርቆሮውማ ሊነሳ ነው» አለ፣
ቶርኖውንም አስነሳ።